ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር

ግልጽ ነው፤ ደጋግመሽ አንብቢው። ዓሪፍ ሙሐመድዘይን እነዚህን አራት ቃላት ከጻፈ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ዛሬ ግን፣ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ በስዊድን ሰሜን ባለች አንዲት ከተማ፣ አልጋ፣ ጠረጴዛና የእጅ ማጠቢያ ብቻ በምትይዝ የተማሪ ክፍል ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ ቃላቱ የሻገተ ቂጣ ያላመጠ ይመስል አፉን ያስመርሩታል። እንቅልፍ ከራቀው ሁለት ቀን አለፈ። እዚህ አገር በሰኔ ጨለማ የሚባል ነገር የለም፤ መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቧል፣ ብርድ ልብሱ ላይ ካፖርቱን ሰቅሏል፣ ብርሃኑ ግን ባልጠሩት ቤት እንደሚገባ እንግዳ በጠርዙ ሾልኮ ይመጣና ደረቱ ላይ ይቀመጣል። ስልኩን አንስቶ ያያል፣ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፣ እንደገና ያነሳዋል። ከአራቱ ቃላት በላይ የሰናይ ጥያቄ አለ፤ ረጅም ነው፣ ይቅርታ የበዛበት ነው። ከአራቱ ቃላት በታች የሰናይ መልስ አለ፤ እሺ መምህር፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ፣ ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፤ ሰባት ወር ሙሉ ባዶ። ቱ! ይላል ዓሪፍ ወደ ጣሪያው፣ ለማን እንደሆነ እያወቀ።

ሰናይ ወልደገሪማ ወልድያ ላይ ሲያስተምር ከፊት ወንበር የማትጠፋ ተማሪው ነበረች። አባቷ ከትግራይ መጥተው ወልድያ ላይ የከተሙ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርቱ ተዘጋ፣ ሲከፈት ደግሞ ለእነሱ ቤት ከግቢ አለመውጣት ይሻላል ተባለና ሌላ አንድ ዓመት ሄደባት። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እኩዮቿ ወልደው ሲያሳድጉ፣ እሷ ደብተሯን አራግፋ ለማስተርስ ተመለሰች። የመመረቂያ ጽሑፏን በማን ሥራ ላይ ልሥራ ብላ ስታስብ ዓሪፍን መረጠች። ከመርሳ ተነስቶ ውጭ የደረሰ፣ ነገ ዶክተር የሚባል፣ የአገሯ ሰው። መምህር፣ ያሳተሙትን ወስጄ አንድ እርምጃ ላስቀጥለው ብዬ ነው፣ ብላ ስትጽፍለት ደስ ብሎት ነበር። እንዲያውም ለባልደረቦቹ ምሳ ላይ አውርቶላቸዋል፣ አገሬ ላይ ተከታይ አለኝ ብሎ ስቋል። ተከታይ!

ነገሩን ለሰው ቢያስረዱት ከባድ አይደለም። አንድ ነገር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚነግሩ እኩልታዎች አሉ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚባሉት፤ የሚበዙት ጠማማ ናቸው፣ አይፈቱም። ስለዚህ ሰው ብልሃት አበጀ፤ ጠማማውን ከቅርብ ሆነህ ካየኸው ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ቀጡን አጥና፣ ከዚያ ስለ ጠማማው ፍረድ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። ትንሽ ብትገፋው ወደ ቦታው ይመለሳል ወይስ እየራቀ ይሄዳል? ሕጉ የማይለወጥ ከሆነ ጥቂት ቁጥሮች መልሱን ይሰጡሃል፤ ሁሉም ከዜሮ በታች ከሆኑ ይመለሳል፣ እፎይ ብለህ ትተኛለህ። ዓሪፍ አምስት ዓመት የለፋው ግን ሕጋቸው ራሱ ከሰዓቱ ጋር በሚለዋወጥ እኩልታዎች ላይ ነው። እዚያ ሰውን ሁሉ የምታጠምድ አንዲት ስንፍና አለች፤ ሰዓቱን በየቅጽበቱ አቁመህ ቁጥሮቹን ታያለህ፣ አሁንም ከዜሮ በታች፣ አሁንም ከዜሮ በታች፣ እንግዲያው ሁልጊዜ ይመለሳል ትላለህ። አይመለስም። ይህንን ወልድያ ላይ በጠመኔ ሰሌዳ ሙሉ ጽፎ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። በየትኛውም ቅጽበት ብታቆመው የሚመለስ፣ ስትለቀው ግን እየራቀ እየራቀ ከዓይን የሚጠፋ አንድ ምሳሌ አለ፤ ገና ከመመለሱ በፊት ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋል፣ መመለሻው ሳይደርስ አቅጣጫው ይዞራል፣ በአዲሱ አቅጣጫ ደግሞ ይገፋል። ያን ቀን ተማሪዎቹ አንላቀቅም አሉ፣ መምህር ይህማ አይሆንም እያሉ ተንጫጩ፤ ሰናይ ብቻ ዝም ብላ በወረቀት እየሠራች ቀረችና ክፍሉ ባዶ ሲሆን ቀና ብላ፣ እውነትም ይጠፋል፣ አለች፣ የጠፋ ሰው መርዶ እንደሰማች ሁሉ።

ከዚህ ማምለጫው አንድ ነው። ሕጉ የሚለወጠው በጣም ቀስ ብሎ ከሆነ ሰዓቱን አቁመህ የፈረድከው ፍርድ ይጸናል። የዓሪፍ የዶክትሬት መጽሐፍ፣ መቶ ሃያ ስድስት ገጹ ሁሉ፣ የቆመው በዚህች ቀስ ብሎ በምትለው ቃል ላይ ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ ደግሞ ሥራው እንዲቀልለት እኩልታውን ያዞረዋል፣ ካዞረው በኋላም ቀስ ብሎ መለወጡ አይቀርም፣ ይህም ግልጽ ነው፣ ብሎ ጽፎ ያልፋል። ግልጽ ነው! ሰናይ የላከላትን ረቂቅ አንብባ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደካማ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከመዞሩ በፊት ቀስ ይላል፣ ከዞረ በኋላ ግን ማዞሪያው ራሱ ፈጣን ሊሆን አይችልም ወይ፣ በክፍል ያስተማሩን ያ የሚጠፋው ምሳሌ እዚህ ይገባ ይሆን ብዬ ሞክሬው ነበር፣ የገባ መሰለኝ፣ የሆነ ቦታ ተሳስቼ ይሆናል። የሠራችበትን ወረቀትም በስልኳ አንስታ ልካለች። የእጅ ጽሑፏ ቀጥ ያለ ነው፣ ሰረዝ የለበትም፣ ስህተትም የለበትም።

ያኔ አላነበብኩትም፣ ሲል ኖሯል ለራሱ። ሥራ በዝቶብኝ፣ መጣጥፉ ለመታተም ቀኑ ደርሶ፣ ሳላነበው ነው የመለስኩላት። ይህን ውሸት ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ ጥርን ተሸክሞት ዞረ። እውነቱ ግን አውቶቡስ ላይ ነበር፣ መስታወቱ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር፣ ወረቀቷን በጣቱ አስፍቶ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበው፣ ከፊቱ የተቀመጡት አሮጊት የውሻቸውን እርጥብ ጀርባ በፎጣ እያደረቁ ነበር፣ የውሻው ጠረን እስካሁን አፍንጫው ውስጥ አለ፣ እና በአራት ደቂቃ ውስጥ መለሰላት። ግልጽ ነው፤ ደጋግመሽ አንብቢው። የሚያምነኝ ሰው እንዳለ አውቄ ነው ያደረግሁት፣ ይላል አሁን። ሌላ አገር ያለ ተማሪ ቢሆን ኖሮ አልገባኝም አስረዳኝ ብሎ ይመልስልኝ ነበር፤ የእኛ ልጅ ግን መምህሯ ግልጽ ነው ካላት ግልጽ ነው፣ ጥፋቱ የእሷ ነው። ያሳደገን ጨዋነት ነው፣ እሱ ጨዋነቷን ልብሱን እንደሚሰቅልበት ግድግዳ ተጠቀመበት። ውሸታም ነው እሱ፤ ፈሪም ነው፤ ይህን ጮክ ብሎ ይናገራልና ከግድግዳው ባሻገር ያለው ጎረቤት ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፣ እሁድ ጸጥታ ነው ማለቱ ነው።

ጸጥታ! እዚህ ሰው በደብዳቤ ነው የሚሰዳደበው። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፣ ተራ የሚያዝበት ሰሌዳ አለው፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ካሳለፍክ ተራህ ለሌላ ይሰጥና በርህ ላይ ወረቀት ይለጠፍብሃል፤ የማሽኑን ማጣሪያ ያልጠረግኸው አንተ ነህ፣ በአክብሮት፣ ጎረቤትህ። ስሙን የማይጽፍ ጎረቤት። የጋራ ወጥ ቤቱ ውስጥ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ወተት ከግንቦት ጀምሮ እየረጋ ነው፤ ሁሉም ያያል፣ ሁሉም አፍንጫውን ይይዛል፣ የእኔ አይደለም ብሎ ያልፋል፣ ዓሪፍም ያልፋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ መጽሐፉን ቸነከሩት። እዚህ አገር ደንብ ነው፤ ለምርመራ የሚቀርብ የዶክትሬት ጽሑፍ ሕዝብ እንዲያየው ተብሎ በመዶሻ ሰሌዳ ላይ ይመታል። መዶሻውን ለራሱ ሰጡት። መጽሐፉን በጥግ በኩል ሲመታው አጨበጨቡ፣ ክሬም የተቀባ ኬክ ቆረሱ፣ አማካሪው ትከሻውን ቸብ አድርጎ አሁን የሕዝብ ሆነ አለው። ኬኩ ጣፋጭ ነበር፣ በጣም ጣፋጭ። ምርመራው የፊታችን ማክሰኞ ነው፤ እስካሁን ማንም ተነስቶ ገጽ አርባ አንድን አልጠየቀም። ምርመራውን የሚመራው፣ እዚህ ተቃዋሚ ብለው የሚጠሩት ሊቅ እንኳ፣ ውብ ሥራ ነው ብሎ ጻፈለት። ውብ! ተቃዋሚ ብሎ ዝም፤ የተቃወመችው ወልድያ ላይ ጨርቅ በሜትር እየለካች ትሸጣለች።

አዎ፣ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ይህን ያወቀው በየካቲት ነው፣ አብሯት ይማር የነበረ አማን የሚባል ልጅ ጽፎለት። ሰናይ እኮ አቋረጠች መምህር፣ ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም ብላ፣ አሁን አባቷ ሱቅ ናት። ዓሪፍ፣ ያሳዝናል፣ ብሎ መለሰ። ያሳዝናል! አሁን ያንንም መልእክት ፈልጎ አገኘውና አየው፤ እንባ የሚያፈስ ቢጫ ፊትም ጨምሮበታል። እጁን ቆርጦ ቢጥለው ደስ ባለው።

ቢናገር የሚሆነው አይጠፋውም። ማክሰኞ ይሰረዛል። የመኖሪያ ፈቃዱ በነሐሴ ያልቃል፣ ትምህርቱን ያልጨረሰ ሰው ይዞት የሚቀር ነገር የለም፣ ወይ በአንድ ዓመት ጠጋግኖ ያድነዋል፣ ወይ የሚድን ነገር የለውም፣ የቱ እንደሆነ ገና አያውቅም። ዝም ቢል ደግሞ ምንም አይሆንም። ማንም አያገኘውም። መጽሐፉ ከሺህ መጻሕፍት ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ እሱ ዶክተር ይባላል፣ ወልድያ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ከመስኮቱ ማዶ ሰናይ ጥቅል ጨርቅ ተሸክማ ታልፋለች፣ መምህር እንደምን ዋሉ ትለዋለች። ይህን ሲያስብ ነው እንቅልፉ የሚሸሸው። ከውርደቱ ይልቅ ያ ሰላምታ ያስፈራዋል።

አባቱ ሙሐመድዘይን ከግራና ከተማ በታች ላለው ቦይ የውሃ አባት ነበሩ፤ የውሃ አባት ማለት ገበሬው ተስማምቶ የመረጠው፣ የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያካፍል ዳኛ ነው። ዓሪፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅበት፣ ዝናብ የዘገየበት ክረምት ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የተራ ደብተሩን የሚይዘው እሱ ነው፣ በሰዓቱና በማስመሪያው ኮርቷል። ማንም ብዙ እንዳይጠብቅ ብለው ውሃውን በላይኛውና በታችኛው ቦይ መካከል በየግማሽ ቀኑ ያዟዙሩታል። ደብተሩ ላይ ሁሉም እኩል ነው። ከታችኛው ቦይ ጫፍ ላይ ያሉት እትዬ ዙልፋ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ቀን መጡና፣ ሙሐመድዘይን፣ ተራዬስ ደርሶኛል፣ ውሃው ግን አልደረሰኝም፣ አሉ። ዓሪፍ ደብተሩን ገልጦ በጣቱ እያሳየ፣ እትዬ፣ ይኸው፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ወስደዋል፣ ልክ ነው፣ አላቸው። ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ደብተሩን አዩና ዝም ብለው ሄዱ። አባቱ ግን በሚቀጥለው ተራቸው ከቦዩ አፍ ተነስተው ውሃውን እየተከተሉ በእግራቸው ወረዱ። የደረቀው ቦይ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፤ ውሃው በተዟዟረ ቁጥር ይጠጣል፣ የሚጠጣውም ከጫፍ ካለው ሰው ላይ ነው። እትዬ ዙልፋ ማሳ ሲደርስ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር፣ የደረሰውም ጭቃ ነበር። ሽንኩርታቸው ተኝቷል። ጁምዓ ከሰላት በኋላ አባቱ ሰው ሁሉ ፊት ቆመው፣ አጥፍቻለሁ፣ እትዬ ዙልፋ ነግረውኝ አልሰማኋቸውም፣ አሉ። ይህን ሰው ቢሰማ አባቱን ያደንቃል። ዓሪፍ ግን በሃፍረት መሬት ገብቶ ነበር። ወጣቶቹ፣ የውሃ አባት ውሃው የት እንደሚገባ አያውቅም፣ እያሉ ግራና ገበያ ላይ ሲስቁ ሰምቷል፤ ያን ቀን ለራሱ የማለው፣ እኔ እንዲህ ሰው ፊት አልቆምም፣ ብሎ ነው። መሐላውንም ይኸው ጠብቋል። ጥሩ ጠባቂ ነው።

ስልኩ ጮኸ። የእህቱ የኢብቲሳም ቁጥር ነው፣ አባቱ ናቸው ማለት ነው። ብድግ ብሎ ካፖርቱን ከመስኮቱ አወረደ፣ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ አነሳው።

«አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ።»

«ወዓለይኩሙሰላም ወረሕመቱላህ። እንዴት ነህ የኔ ልጅ? ጤናህ፣ ብርዱ፣ ትምህርቱ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቱስ? ዓይንዎስ?»

«ዓይኔ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው።»

ደህና ነው ይላሉ፣ የሚናገሩት ግን ከስልኩ ጎን ላለው ግድግዳ ነው። የኢብቲሳም እጅ ብቅ አለና አገጫቸውን ይዞ ወደ ስልኩ መለሰው። አምስት ዓመት በየጁምዓው ይደውላል፣ አምስት ዓመት በየጁምዓው ደህና ነው ይባላል፣ ከእነዚያ ጁምዓዎች አንዱን እንኳ ብታነሳ ውሸት የለበትም፤ ካለፈው ሳምንት የተለየ ነገር የለማ። እነዚያ ሁሉ ደህናዎች ተደምረው ግን አባቱ የልጃቸውን ፊት ማየት አቅቷቸዋል። መቼ ሆነ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ያፍራል፣ እዚያው ነበረ እኮ፣ በየሳምንቱ ያያቸው ነበር።

«ማክሰኞ ከዙሁር በኋላ ዱዓው አለ» አሉ አባቱ። «አጎትህ ኡበይደላ ሙክቱን ከውርጌሳ ይዞ ይመጣል። ሸሆቹንም ነግሬያለሁ። አንተ እዚያ ስትቀመጥ እኛ እዚህ እንቀመጣለን፣ ኢንሻአላህ።»

«አባዬ… ሙክቱ ባይታረድስ? ማክሰኞ ባይሳካስ?»

«ለምን አይሳካም?»

«ስህተት ቢገኝበትስ።»

አባቱ ሳቁ። «ፈታኞቹ ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው የሚቀመጡት? ካለ ያገኙታል፣ ይነግሩሃል፣ ታስተካክለዋለህ። ይልቅ ልንገርህ፣ ሐሙስ ከኢብቲሳም ጋር ወልድያ ወጥቼ ነበር። ለማክሰኞ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ የወልደገሪማ ሱቅ ገባን። ልጅቱ፣ ያስተማርካት፣ የመምህር ዓሪፍ አባት አይደሉም ወይ አለችኝ። ከድምፄ ነው ያወቀችኝ፣ ድምፃችሁ አንድ ነው አለች። ቀለሙን እሷው መረጠችልኝ፣ በእጄ አስዳሰሰችኝ።»

«እሺ» አለ ዓሪፍ።

«ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? እኔ ሰነፍ ነበርኩ፣ በጥያቄ ብዙ አስቸገርኳቸው፣ እሳቸው ግን ታገሡኝ፣ አለችኝ። ይኸው ነው እኔን ደስ ያሰኘኝ፤ ዶክተር መባልህ አይደለም። ሰው ሲያስቸግርህ ታግሠሃል። አላህ ይጨምርልህ።»

ዓሪፍ አሚን ማለት ነበረበት። አፉን ከፈተ፣ የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ስልኩን አልጋው ላይ ጥሎ የእጅ ማጠቢያው ላይ አጎነበሰ። ከትናንት ጀምሮ ምንም ስላልበላ የወጣው ቢጫ ውሃ ነው፣ መራራ ነው፣ ደጋግሞ ወጣ። ከአልጋው ላይ የአባቱ ድምፅ፣ ዓሪፍ፣ ዓሪፍ፣ ኔትወርኩ ሄደ መሰለኝ ኢብቲሳም፣ ይላል። ሄዷል አባዬ፣ ኔትወርኩ ሄዷል። አፉን አጥቦ ሲመለስ ስልኩ ተዘግቶ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ያለው ፊት የአባቱ ፊት ነው፣ ሰዎች ሁሉ ይሉታል፤ እዚያ ፊት ላይ መትፋት ስለማይቻል ዓይኑን አነሳ።

የሰናይን ቁጥር ነካ። ጠራ። እንዳታነሳው ተመኘ፤ ካላነሳች ሞክሬ ነበር ይባላል።

«ሃሎ? መምህር?» ድምፅዋ የተደሰተ ነው፣ ጥንቃቄም አለበት። ከኋላዋ የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማል። «እንኳን አደረስዎት፣ ማክሰኞ ነው አይደል? አባትዎ ነገሩኝ።»

«ሰናይ፣ ልክ ነበርሽ።»

«የቱ ላይ?»

«ገጽ አርባ አንድ። ማዞሪያው ፈጣን ሊሆን ይችላል ያልሽው። ምሳሌው ይገባል። የሠራሽው ሁሉ ልክ ነው።»

ባጃጁ አለፈ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ያኔ ሳያነቡት ነው የመለሱልኝ» አለች። «ሥራ በዝቶብዎት ነበር። እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ።»

በሩን ራሷ ከፈተችለት። ሰባት ወር ሲያበጃት የነበረችውን ውሸት አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በሁለት እጇ እያቀበለችው ነው፤ አዎ ብቻ ይበል። አዎ ሰናይ፣ ሥራ በዝቶብኝ። አንድ ቃል ናት። ምላሱ ላይ ደርሳለች፣ ትንሽ እንኳ አትከብድም፣ የቅለቷ ብዛት ነው ያስጠላው።

«አንብቤዋለሁ» አለ። «እስከ መጨረሻው መስመር አንብቤዋለሁ። ልክ እንደሆንሽም ያን ቀኑን አውቄ ነበር።»

አሁን የዘጋችው መሰለው። ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው፣ ሰኮንዶቹ ይቆጥራሉ። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት።

«ደጋግመሽ አንብቢው አሉኝ» አለች ሰናይ። የቅድሙ ድምፅ አይደለም። «አነበብኩት። በየቀኑ አነበብኩት። ጾሙን ሙሉ አነበብኩት። አባቴ፣ ልጄ ዓይንሽ ይጠፋል፣ ተይው ይለኝ ነበር። አንድ ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ካልታየው ምን ይባላል መምህር? እኔ ራሴን ምን ስል እንደነበር ያውቃሉ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለአማካሪዬ፣ አእምሮዬ አይችለውም ብዬ ፈርሜ ነው የወጣሁት። በእጄ ፈርሜ።»

«ሰናይ፣ ይቅርታ…»

«ለማን ነገሩ?»

«ምኑን?»

«ስህተት መሆኑን። ለማን ነገሩ?»

«ለአንቺ።»

«ለእኔማ እኔ ነኝ የነገርኩዎት» አለች። ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት፣ ሳቅ ግን አይደለም። «እኔን መንገር ምን ያደርግልኛል? አሁን እኔና እርስዎ እናውቃለን፣ ማክሰኞ ይመረቃሉ፣ እኔ እዚህ እለካለሁ። እንደዚያ ነው የፈለጉት?»

እንደዚያ ነበር የፈለገው፤ እስከዚህች ደቂቃ ራሱም አላወቀውም። ለእሷ በጓዳ ተናግሮ፣ አልቅሶ፣ ይቅርታዋን ተቀብሎ፣ ማክሰኞ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሊቆም። ከአራቱ ቃላት ይልቅ ይህ አስጠላው።

«ለእነሱ ይንገሯቸው» አለች ሰናይ። «ያገኘው ማን እንደሆነም ይጻፉ። ሰናይ ብቻ ብለው እንዳይጽፉ። ከነአባቴ ስም።»

«እሺ።»

«መቼ እንዳገኘሁትም ይጻፉ» አለችና ዘጋችው። ደህና ይሁኑ አላለችም፤ ካወቃት ጀምሮ ሳትሰናበተው ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ኮምፒውተሩን ከፈተ። ለአማካሪው፣ ለተቃዋሚው፣ ለፈታኞቹ ሁሉ። መጀመሪያ፣ ሰሞኑን ሥራውን ስደግመው ገጽ አርባ አንድ ላይ አንድ ጥርጣሬ አድሮብኛል፣ ብሎ ጻፈ። ሰሞኑን! አነበበውና አጠፋው። ቀጥሎ፣ ከአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጋር ስንወያይ የደረስንበት፣ ብሎ ጻፈ። ስንወያይ! እጁ ከእሱ ቀድሞ ይዋሻል፣ ለምዶበታል፣ ቁልፎቹን ራሱ ያውቃቸዋል። ያንንም አጠፋው። ከግድግዳው ባሻገር ጎረቤቱ ሬዲዮ ከፈተ፤ ጸጥታው ለእሱ አይሠራም መሰለኝ። ዓሪፍ አባቱን አሰበ፣ ማክሰኞ አዲሱን ጨርቅ ለብሰው፣ ወደ ማይታያቸው ሰው ሁሉ ዞረው፣ ገቡልኝ፣ ተቀመጡልኝ ሲሉ። ዛሬ ይደውልላቸዋል። ዱዓው ይቅር አይላቸውም፣ ምን ተብሎ እንደሚደረግ ግን ይነግራቸዋል። ንጹሕ ሰው የሆነ አልመሰለውም፣ እፎይ የሚባለውም አልመጣ። ቀና ብሎ ተቀመጠና ጻፈ፤ ሲጨርስ እንዳያሳምረው ፈርቶ ሳይደግመው ላከው።

በገጽ አርባ አንድ ያለው ማረጋገጫ ስህተት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በእሱ ላይ ስለቆመ ማክሰኞ መቅረብ አልችልም። ስህተቱን ያገኘችው ሰናይ ወልደገሪማ ናት፣ ወልድያ። ባለፈው ኅዳር ጻፈችልኝ። ያልገባት እሷ እንደሆነች ነገርኳት፣ አመነችኝ፣ ትምህርቷን ተወች።